«አልኮል አለበት» ብለን ያስጣልነው ክሬም፦ ስለ ፋቲ አልኮሎች ልናውቀው የሚገባ



የዛሬውን የጤና ዐምዳችንን የምንጀምረው የራሳችንን ስህተት በመናገር ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እህታችን እጆቿ ላይ ችፌ ወጥቶባት ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙም በቀን ደጋግማ የምትቀባው የማለስለሻ ክሬም አዘዘላት። ክሬሙን ይዛ ዶርም ስትገባ ከእኛ አንዷ ቱቦውን አገላብጣ አነበበችና «ይሄ እኮ አልኮል አለበት!» አለቻት። እህታችንም አላመነታችም፤ ጣለችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጣቶቿ መታጠፊያዎች ተሰነጣጥቀው ይደሙ ጀመር። ለሱብሒ ሶላት በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ማድረግ ስቃይ ስለሆነባት ተየሙም ይበቃት እንደሆነ ልትጠይቅ መጣች። ያን ጊዜ ነው ቆም ብለን «ለመሆኑ ያስጣልናት ነገር ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር?» ብለን ራሳችንን የጠየቅነው። አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ከመካከላችን የሕክምና፣ የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪ የሆንን ተሰብስበን ጉዳዩን አጠናነው። ፈትዋ መስጠት የዐሊሞቻችን እንጂ የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ዐሊሞች እንደሚያስተምሩን በአንድ ነገር ላይ መፍረድ የሚቻለው ነገሩ በትክክል ከታወቀ በኋላ ነው። የእኛ ድርሻ ነገሩን እንደ ነገሩ ማቅረብ ነው።

1. ስሙ አንድ፣ ነገሩ ብዙ

«አልኮል» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «አል-ኩሕል» የመጣ ነው። እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል ማለት ነው። ቃሉ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲገባ መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄትን ያመለክት ነበር፤ ቆይቶ ተነጥሮ የወጣ ፈሳሽን፣ በመጨረሻም ከወይን ተነጥሮ የሚወጣውን አስካሪ ፈሳሽ ያመለክት ጀመር። ኬሚስቶች ደግሞ ቃሉን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ መጠሪያ አደረጉት። በእነርሱ ዘንድ አልኮል ማለት ከካርቦን ጋር የተያያዘ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ያለው ማንኛውም ውህድ ነው። ከዚያ ውጭ የቤተሰቡ አባላት እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ።

በመጠጥ ውስጥ ያለው ኢታኖል ሁለት ካርቦን ብቻ አለው። ትንሽ ስለሆነ ከውሃ ጋር እንደ ልብ ይቀላቀላል፣ በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ በቀላሉ ወደ ደምና ወደ አንጎል ይገባል፣ ያሰክራል። ፋቲ አልኮሎች ግን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው የስብ ዘመዶች ናቸው። በክሬም ላይ በብዛት የምናየው ሲታይል አልኮል 16 ካርቦን አለው፤ ስቲያሪል አልኮል ደግሞ 18። የሁለቱ ድብልቅ ሲቶስቲያሪል አልኮል ይባላል። እነዚህ ነጭ፣ እንደ ሻማ ሰም ያሉ ጠጣር ነገሮች ናቸው። ሲታይል አልኮል የሚቀልጠው 49 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሙም፤ ሰውንም አያሰክሩም።

ሲታይል አልኮልን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1817። ያገኘውም ስፐርም ዌል ከተባለው ዓሣ ነባሪ ራስ ውስጥ ከሚወጣ ሰም መሰል ስብ ነው። ስሙም ዓሣ ነባሪ ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። ይህ ዓሣ ነባሪ በዐረብኛ «ዐንበር» ይባላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በሐዲሥ ትምህርት የሰማነው ታሪክ ትዝ ይለናል። በአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ.) የሚመሩ ሦስት መቶ ያህል ሶሓቦች ስንቃቸው አልቆ ቅጠል እስከ መብላት በደረሱ ጊዜ ባሕሩ «ዐንበር» የተባለ ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳር አወጣላቸው። ከሥጋው እንደ በሉ፣ በስቡም እንደ ተቀቡ ጃቢር (ረ.ዐ.) ያወሱት ሐዲሥ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

ዛሬ ፋቲ አልኮል የሚገኘው ከዓሣ ነባሪ አይደለም። አብዛኛው የሚመረተው ከፓልምና ከኮኮናት ዘይት ወይም ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ነው፤ አንዳንዱም ከእንስሳ ሞራ ይሠራል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ሰውነታችንም ይሠራቸዋል

ፋቲ አልኮል ከውጭ የሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም። በዚህች ቅጽበት በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ እየተሠራ ነው። ፐሮክሲሶም በተባሉት ጥቃቅን የሴል ክፍሎች ላይ ያለ ኢንዛይም የስብ አሲድን ወደ ፋቲ አልኮል ይለውጣል። የኢንዛይሙ ስም በአጭሩ ፋር-1 ነው።

የተሠራው አልኮል ሁለት ዋና አገልግሎት አለው። የመጀመሪያው ከስብ አሲድ ጋር ተጣምሮ ሰም መሆን ነው። የፊታችን ወዝ አንድ አራተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ሰም ነው። የዓይናችንን እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚሸፍነው ስስ የቅባት ሽፋንም ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው አገልግሎት ፕላዝማሎጅን የተባሉትን የሴል ሽፋን ስቦች መገንባት ነው። ከሰውነታችን ፎስፎሊፒዶች አንድ አምስተኛ የሚሆኑት ፕላዝማሎጅኖች ናቸው። በተለይ በልብና በአንጎል ውስጥ ይበዛሉ፤ ነርቮቻችንን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ጎማ የሚሸፍነው ማይሊንም በእነርሱ የበለጸገ ነው።

ትርፍ የሆነው ፋቲ አልኮል ደግሞ ተመልሶ ወደ ስብ አሲድ ይለወጣል። ለውጡ በሁለት እርምጃ ይካሄዳል፦ አልኮሉ መጀመሪያ አልዴሃይድ ይሆናል፤ አልዴሃይዱም የስብ አሲድ ይሆናል። የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች ጉበት ኢታኖልን የሚያስወግድበት መንገድ ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ እርሱም በአልዴሃይድ በኩል ያልፋል። መንገዱ ቢመሳሰልም የረጅሙን አልዴሃይድ የሚጨርሰው ሌላ ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም መጉደል የሚያስከትለውን በሽታ ቀጥለን እናያለን።

3. ሲከማችም ሲጎድልም በሽታ ነው

እ.ኤ.አ. በ1957 ቶርስተን ሾግረንና ታገ ላርሶን የተባሉ ስዊድናውያን በሰሜን ስዊድን፣ ቬስተርቦተን በተባለው አካባቢ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ በሽታ ገለጹ። ሕፃናቱ ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸው ወፍራም፣ ደረቅና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነው። እያደጉ ሲሄዱ እግሮቻቸው ይገተራሉ፤ ብዙዎቹ ያለ ድጋፍ አይራመዱም። የአእምሮ እድገታቸውም ይዘገያል። ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። በሽታው ሾግረን-ላርሶን ሲንድረም ይባላል። የሕክምና ተማሪዎች ዓይንና አፍ ከሚያደርቀው ሾግረን ሲንድረም ጋር እንዳታምታቱት፤ ያኛው የተሰየመው በሌላ ሐኪም፣ በሄንሪክ ሾግረን ስም ነው።

መንስኤው ለሠላሳ ዓመታት አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው ዊሊያም ሪዞና ባልደረቦቹ የሕመምተኞቹ ሴሎች ፋቲ አልኮልን ወደ ስብ አሲድ መለወጥ እንደማይችሉ አሳዩ። በ1996 ደግሞ ጂኑ ታወቀ፤ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን ያንን የረጅም ሰንሰለት አልዴሃይድ የሚያስወግደውን ኢንዛይም የሚያሠራ ነው። ኢንዛይሙ ሲጎድል 16 እና 18 ካርቦን ያላቸው አልኮሎችና አልዴሃይዶች ይከማቻሉ። በቆዳ ውስጥ ውሃን ይዞ የሚያቆየውን የስብ ንጣፍ ያበላሻሉ፤ ቆዳው ውሃውን እያጣ ይደርቃል፣ ለማካካስም ይወፍራል። በአንጎል ውስጥም የማይሊንን አሠራር ያውካሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲታይል አልኮል ያለበት ክሬም መቀባት ይህን በሽታ አያመጣም። በሽታው በውርስ የሚመጣ የኢንዛይም ጉድለት ነው። የሚወለደው ልጅ የሚታመመው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ጤነኛ ሆነው ጂኑን ቢሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንዲህ ያሉ በሽታዎች ዘመዳሞች በሚጋቡበት ቤተሰብ ውስጥ የመታየት ዕድላቸው ከፍ ይላል። በአገራችንም፣ ለምሳሌ በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድ አብሱማ እንደሚባለው፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ የቆየ ባህል ነው። ይህን የምናነሳው ሸሪዓ የፈቀደውን ለማውገዝ አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ፣ ከኒካሕ በፊት ሐኪም ማማከር ተገቢ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የፋቲ አልኮል እጥረትም ይጎዳል። ፋር-1 የተባለውን ኢንዛይም ከሁለቱም ወላጆች በተወረሰ ጉድለት ያጡ ሕፃናት ፕላዝማሎጅን በበቂ አይሠሩም። ብርቱ የእድገት መዘግየት፣ የሚጥል በሽታና የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ተገለጸ። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አሳየ፦ ያው ኢንዛይም ያለ ልክ በሚሠራባቸው ልጆችም ላይ የእግር መገተርና የዓይን ሞራ ታየ። አንዱ ውህድ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል። አላህ ሁሉን ነገር በልክ እንደፈጠረ የምናምን ሰዎች ይህን በሴል ውስጥ ስናየው ከመደነቅ በቀር ምን እንላለን!

4. በቆዳችን ላይ ምን ይሠራሉ?

ወደ እህታችን ክሬም እንመለስ። ክሬም ማለት ውሃና ቅባት ተዋህደው ማለት ነው። ሁለቱ ደግሞ በባሕርያቸው አይዋሃዱም። ፋቲ አልኮል ውህደቱ እንዳይበተን ይይዘዋል፣ ያወፍረዋል፤ ከተቀባ በኋላም ቆዳው ውሃውን እንዳያተን ስስ ሽፋን ይሆንለታል። ኢታኖል የቆዳን ስብ አጥቦ ያደርቃል፤ ሲታይል አልኮል ግን ያለሰልሳል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ሥራቸው እንዲህ ይራራቃል። በአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚገመግም የባለሙያዎች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1988 ሲታይልና ሲቶስቲያሪል አልኮልን ጨምሮ አምስት እንዲህ ያሉ አልኮሎችን መርምሮ በመዋቢያነት ለመጠቀም ደኅና ናቸው ብሏል።

ይህ ማለት ግን ለሁሉም ሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ጥቂት ሰዎች ለሲቶስቲያሪል አልኮል አለርጂ አላቸው። በጤነኛ ቆዳ ላይ ይህ እምብዛም አያጋጥምም። ነገር ግን ቆዳቸው ለረጅም ጊዜ በተጎዳ ሰዎች፣ በተለይ የማይድን የእግር ቁስል ኖሯቸው ለወራት ልዩ ልዩ ቅባት በሚቀቡት ላይ በርከት ብሎ ይታያል። የሚያሳስተው ነገር አለርጂው ራሱ ችፌ መምሰሉ ነው። ሰውየው ሲያሳክከው ይቀባል፤ ሲቀባ ይብስበታል፤ ሲብስበት ጨምሮ ይቀባል። አለርጂን የሚያስታግሱት የስቴሮይድ ክሬሞችም እንኳ ብዙዎቹ ይህንኑ አልኮል በውስጣቸው ይዘዋል።

ምልክቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሊያድን የታዘዘ ክሬም በተቀባበት ቦታ ልክ ሕመሙን ካባባሰ ሐኪሙን መልሶ ማማከር። ማረጋገጫው ጥቂት መጠን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በቀጣዮቹ ቀናት የሚነበብ ምርመራ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ፋቲ አልኮል የሌለበት፣ ለምሳሌ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቫዝሊን ሊያዝ ይችላል።

5. እንደ መድኃኒትስ?

ሦስት ምሳሌዎች እንይ። አንደኛው ዶኮሳኖል ነው፤ 22 ካርቦን አለው። በአገራችን «ምች መታኝ» የምንለው፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ቁስል መድኃኒት ሆኖ በ10 በመቶ ክሬም መልክ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ቫይረሱ ከሴል ሽፋን ጋር ተዋሕዶ እንዳይገባ ይከላከላል። ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው፤ ፈዋሽ ባልሆነ ክሬም ከተቀቡት ጋር ሲነጻጸር ቁስሉ የዳነው በ18 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው። ይህም ገና ሲለበልብ ሲጀምር ከተቀቡት ነው።

ሁለተኛው ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የተሠራ መድኃኒት ነው። የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የአየር ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚያቆየውን ቅባት ገና አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የተፈቀደው ሰው ሠራሽ ምትክ ቅባት በሳንባው ውስጥ ቶሎ እንዲሰራጭ ሲታይል አልኮል ተጨምሮበት ነበር። ኋላ ላይ ከከብትና ከአሳማ ሳንባ የሚዘጋጁት የተሻለ ስለሠሩ ተተካ። እኛ ከክሬም ላይ አንብበን የደነገጥንበት ውህድ እስትንፋስ ላጠራቸው ጨቅላዎች ሳንባ ይሰጥ እንደነበር ስናነብ በችኮላችን አፈርን።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ፖሊኮሳኖል የሚባለው ከሸንኮራ አገዳ ሰም የሚወጣ የረጅም አልኮሎች ድብልቅ ሲሆን ዋናው ይዘቱ 28 ካርቦን ያለው ኦክታኮሳኖል ነው። ከኩባ የወጡ ጥናቶች ኮሌስትሮልን በእጅጉ እንደሚቀንስ ሲገልጹ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን 143 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ለ12 ሳምንታት እስከ 80 ሚሊግራም ድረስ ሰጥቶ ሲመረምር ግን ፈዋሽነት ከሌለው እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ዛሬም በ«ተፈጥሯዊ» ስም ይሸጣል። «አልኮል» የሚለው ቃል ያለ ምርመራ ሊያስደነግጠን እንደማይገባ ሁሉ «ተፈጥሯዊ» የሚለውም ያለ ምርመራ ገንዘባችንን ሊያስወጣን አይገባም።

6. ጽሑፉን እንዴት እናንብብ?

መጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ቃል እንይ። ሲታይል፣ ስቲያሪል፣ ሲቶስቲያሪል (ሲቲያሪል ተብሎም ይጻፋል)፣ ሚሪስቲል፣ ቤሄኒል ካለ ፋቲ አልኮል ነው። «አልኮል» ብቻውን፣ «ኢታይል አልኮል» ወይም «ዲናቸርድ» የሚል ከተከተለው ኢታኖል ነው። በሳኒታይዘርና በሽቶ ውስጥ የምናገኘው ይኸኛው ነው፤ ዐሊሞች ስለ ንጽሕናውና ስለ አጠቃቀሙ የሚወያዩበትም እርሱ ነው። ቤንዛይል አልኮል ደግሞ ሌላ ዝርያ ነው፤ ኢታኖልም ፋቲ አልኮልም አይደለም። በአሜሪካ ገበያ «ከአልኮል ነፃ» የሚል መዋቢያ ኢታኖል የለበትም ማለት እንጂ ሲታይል አልኮል የለበትም ማለት አይደለም። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ሰው በፊት ለፊቱ ጽሑፍ ብቻ መተማመን የለበትም።

ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ ለይተን እንጠይቅ። «ያሰክራል ወይ?» ለሚለው የኬሚስትሪው መልስ አያሰክርም የሚል ነው። «ከምን ተሠራ?» የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ከዕፅዋትም ከእንስሳም ሊሠራ ይችላልና። ከእንስሳ ሞራ ተሠርቶ ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ነገር ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊዮች በመለወጡ ንጹሕ ይሆናል የሚለውን ሲያሰፉት፣ ሻፊዒዮች ግን ኮምጣጤ እንደሆነ ወይንና እንደተለፋ ቆዳ ባሉ ውስን ነገሮች ብቻ ይገድቡታል። ስለዚህ ምንጩን ከአምራቹ ወይም ከፋርማሲስቱ እንጠይቅ፤ ብይኑን ከምናምነው ዐሊም እንውሰድ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ሁለቱንም ሳንጠይቅ አንጣል።

እህታችን አልሐምዱሊላህ አሁን ደኅና ናት። ፋርማሲው የክሬሙ ሲቶስቲያሪል አልኮል ከፓልም ዘይት የተሠራ መሆኑን አጣርቶ ነገራት፤ ኡስታዛችንም እንድትቀባ አበረታታት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንጥቁ ገጠመ። ቱቦውን ያገላበጠችው እህት ይቅርታ ስትጠይቃት «አንቺ እኮ ለዲኔ ተጨንቀሽ ነው» አለቻት። መጨነቃችን መልካም ነበር፤ የጎደለን ማጣራቱ ነው።

በሐለቃ ለመወያያ
1. ኢታኖልና ሲታይል አልኮል በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
2. የሾግረን-ላርሶን ሕመምተኛ ቆዳ ለምን ይደርቃል? ክሬም ከመቀባት ጋር ግንኙነት አለው?
3. ክሬም ሲቀባ ችፌው የሚብስበት ወንድም ቢያማክራችሁ ምን ትሉታላችሁ?
4. ዶርማችሁ ገብታችሁ የአንድ ክሬም ወይም ሎሽን ጽሑፍ አንብቡ። ስንት «አልኮል» አገኛችሁ? የትኞቹ ፋቲ አልኮል ናቸው?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ በማናውቀው ከመፍረድም ይጠብቀን። አሚን።